ቶናው እስኪፈላ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ። ለእንቁጣጣሽ ጠቅልለህ ወደ ባሕር ዳር እንደምትመለስ ሰማሁ። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ልትራመድ፣ ማንበብህንም ልትቀጥል አስበሃል አሉ። የቸኮልኩት ለዚህ ነው።

ልማድ የሚቀሰቀሰው በቦታና በቅደም ተከተል ነው። ቤት ሲቀየር ቀስቃሹም ይጠፋል፤ ክፉውም ደጉም ይላላል። ስለዚህ ዕቃህን ሳታራግፍ ወስን። ሶፋው ቴሌቪዥኑ ፊት ከተቀመጠ ምሽትህ አለቀለት።

«ጠዋት እራመዳለሁ» አትበል፤ ጠዋት ሰፊ ነው። በየቀኑ ከማትተወው ነገር ኋላ አስከትለው፦ ፊትህን ታጥበህ ፎጣውን እንደሰቀልክ ጫማህን አድርግ። ጫማውና ካልሲው ማታውኑ በሩ ሥር ይደሩ። የስልክ ደወል አትመን፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቆ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ንጋቱ ይሻልሃል፤ እዚህ የፀሐይ መውጫ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ አይለዋወጥም። ለመነሻ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ አምስት ሄደህ አምስት ተመለስ። በመጀመሪያው ቀን ዓባይ ድልድይ ደርሶ የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ቀን እግሩን እያሸ ይተኛል። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ገና አይለቅም፤ «ከዘነበ በረንዳ ላይ 10 ደቂቃ» ብለህ ከወዲሁ ቁረጥ። በመስኮት እያየህ የምትወስን ከሆነ አልጋው ያሸንፍሃል።

ንባቡን ከቤትህ ቡና ጋር አያይዘው፦ አቦሉን ጠጥተህ ቶናው እስኪፈላ ሁለት ገጽ። ጎረቤት የሚጠራበት ቡና ግን አይሆንም፤ ወሬ ከመጽሐፍ ይጣፍጣል። እንደዚያ ከሆነ ማታ አድርገው፤ አልጋህን ስታነጥፍ መጽሐፉን ትራሱ ላይ ተወው፣ ሳታነሳው እንዳትተኛ።

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚሉህን አትስማ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መካከለኛውን 66 ቀን፣ ዳርና ዳሩን 18 እና 254 ቀን አድርጎታል። መስከረም 1 ብትጀምር ፈጣኑ በመስቀል ማግስት፣ መካከለኛው ህዳር 6 በቁስቋም፣ ዘገምተኛው ግንቦት 14 ላይ ይውላል ማለት ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ ከመብልና ከመጠጥ ልማድ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚጸናው፤ ንባቡ ቀድሞ ቢለምድህ በእግርህ አትፍረድ። አንድ ቀን መዝለል ብዙም እንደማይጎዳም እዚያው ታይቷል። የሚጎዳው «ተበላሽቷል፣ ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ» ማለት ነው፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቀጥል።

የግድግዳ ካሌንደር ግዛ፤ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ መቁጠሩ አያስቸግርም። እስክሪብቶውን በክር አንጠልጥለህ ምልክቱን ጫማህን እንዳወለቅክ አድርግ። ለማታ ካቆየኸው ያልሄድክበትንም ቀን የሄድክ ይመስልሃል።

ቁስቋም ዕለት ካሌንደሩን ጠቅልለህ ይዘህልኝ ና። በዋዜማው ተቀምጠህ ባዶዎቹን እንዳትሞላ፤ የእስክሪብቶህን ቀለም አውቀዋለሁ።

ወዳጅህ