ከአስቤዛ የተረፈችው ብር

ውድ የእቁባችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቡና ላይ ያነሳሁትን የልጆች የኪስ ገንዘብ ነገር ጻፊልን ስላላችሁኝ ነው። እኛ ቤት ደንቡ አጭር ነው፦ ልጆቹ ከአስቤዛ ካተረፉልን ብር ሩቡ የነሱ ነው።

አርብ ማታ ትልቋ ጓዳውን አይታ የጎደለውን ትጽፋለች። ከምስሩ ጀርባ ሁለት ፓኬት መኮሮኒ ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔ ሦስተኛ ልገዛ ነበር! ቅዳሜ ትንሹ የጉሊቱንና የሸማቾች ሱቁን ዋጋ ጠይቆ ይመጣል። በማግስቱ አብረን እሁድ ገበያ እንሄዳለን። አንድ ቀን ሽንኩርት በኪሎ 20 ብር ቀንሶ አገኘን። 4 ኪሎ ገዛን፣ 80 ብር ተረፈ፣ 20 ብሯን ተካፈሉ።

ሁሌ ግን አይሰምርም። ትንሹ ርካሽ ነው ብሎ ያስገዛን ቲማቲም ግማሹ ፈርጦ ተጣለ። ኪሳራው ከድርሻው ሲቀነስ ሁለት ቀን አኮረፈ። አሁን አንድ በአንድ እያገላበጠ ነው የሚመርጠው፤ ሻጮቹ ሳይሰለቹት አይቀሩም።

ሳህን ማጠብና አልጋ ማንጠፍ ግን አይከፈልበትም። እሱ ላይ ድርድር የለም።

ሒሳቡን የምንይዝበትን ደብተር በሚቀጥለው የእጣ ቀን ይዤው እመጣለሁ።