የነፍሳቱን ፍሪዘር ከክበቡ ያስመልሱልን

ለሙዚየሙ ዳይሬክተር

ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ከተባለ ወዲህ የደረሱበት አይታወቅም። ቢሮዎ ስመጣም ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

ለነፍሳት ስብስቡ የተገዛው ዲፕ ፍሪዘር የት እንዳለ ያውቃሉ። ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ለስላሳ ይቀዘቅዝበታል። ሲወሰድ «ለጊዜው ነው» ተብለን ነበር።

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ እየመጣሁ መሳቢያዎቹን አያለሁ። በቅርቡ የቢራቢሮዎቹን አንዱን ስስበው፣ በመርፌዎቹ ሥር የተፈጨ ቡና የመሰለ ዱቄት ተጠራቅሟል። ዱቄቱ መሐል 5 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ፀጉራም እጭ ትሳባለች። የአንዱ ትልቅ ቢራቢሮ አካል ተበልቶ አልቆ ክንፎቹ ወድቀዋል። መርፌው ላይ የቀረው የተሰበሰበበትን ደን የሚናገር «መናገሻ ሱባ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ ሥራውን ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው የጻፉት፤ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ይህች አንትሬነስ የምትባለው የሙዚየም ጥንዚዛ ናት። ካደገች በኋላ የአበባ ብናኝ ነው የምትበላው፤ በመስኮት ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ናሙናውን የሚያጠፋው ግን እጯ ነው። መድኃኒቱንም እርስዎ አያጡትም። መሳቢያውን በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ለ3 ቀን ማቆየት፣ ፍሪዘሩ ከ20 የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት። ከወጣ በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ላስቲኩ አይከፈትም፤ አለዚያ እርጥበት ይይዘዋል። አዲስ ናሙና ሳይቀዘቅዝ ስብስቡ ውስጥ አይግባ የሚለውም የራሳችን መመሪያ ነው። ታዲያ በየትኛው ፍሪዘር?

በምትኩ ካርቶን ሙሉ ናፍታሊን ተሰጠ። ናፍታሊን ቢበዛ ያሸሻል እንጂ የገባውን እጭ አይገድልም። እኔን የተካችው ልጅ ግን መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እሱን ስትምግ ትውልና ራሷን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለእሷም ለስብስቡም ያልታሰበበት ነገር መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ለስላሳው ሳይቀዘቅዝ ቢጠጣ የሚጎዳ የለም። የዚያን ዘመን የመናገሻ ደን ግን ማንም ተመልሶ ሊሰበስበው አይችልም።

ፍሪዘሩን በዚህ ሳምንት ያስመልሱ። የተበላው መሳቢያ ዛሬውኑ ተነጥሎ ይታሸግ፣ ሌሎቹ በየተራ ይግቡ። ሥራውን ያለ ክፍያ መጥቼ እሠራለሁ፤ ተሸካሚ የለም ከተባለም ሰው ይዤ እመጣለሁ።

የቀድሞ የስብስብ ክፍል ሠራተኛ