ብርድ ልብሱ ደርሶናል፣ ባለሙያው ግን አልመጣም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት ሲቃረብ የድሬ ሰው ዓይኑ ወደ ደንገጎ ተራራ ነው። ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል እንኳ ላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ይወርዳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ሌሊት ነበር የመጣው።

የእናቴ ቤት ግማሹ ቆሞ ቀረ። መሠረቱ ድንጋይ በጭቃ ነበር፤ ውኃው ጭቃውን አጥቦ ድንጋዩን ብቻውን ተወው። ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና ዘይት ደረሰን፤ የሰጡንን እግዜር ይስጣቸው። ቤቱን መልሰን ስንሠራ ግን መጥቶ ያየን አንድ ባለሙያ አልነበረም። ግንበኛው ያንኑ ድንጋይ ለቅሞ በጭቃ መለሰው። ጎርፉ ግድግዳው ላይ የተወው መስመር ከጉልበቴ በላይ ነበር፤ አዲሱ ውኃ ልክ፣ ማለትም ግድግዳው የሚነሣበት የመሠረቱ አናት፣ ከዚያ መስመር በታች ሆነ። ለሰንነው፣ ኖራ ቀባነው፣ መስመሩም ጠፋ። በሚያዝያ 2012 ጎርፍ ዳግም ሰው ሲገድል፣ እናቴ እዚያው ቤት አልጋ ላይ ወጥታ ነው የጠበቀችን።

ቤቱን ባለቤቱ ይሥራው፣ ይችላል። የሚጎድለው የሚያሳየው ሰው ነው። መሠረቱ በሲሚንቶ እንዲታሰር፣ ውኃ ልኩ ላይና ጣሪያው ሥር ፌሮ ያለው ቢም (ብረት የገባበት የኮንክሪት ማሰሪያ) ዙሪያውን እንዲዞር የሚነግረው። አሸዋውንም ቢሆን! ደለል የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን ያደክመዋል፤ በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ቢያስቀምጡት ደለሉ ከላይ ተነጥሎ ይታያል። ይህን እኔ ያወቅሁት ቤቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው።

ገንዘቡም በአንዴ ባይሰጥ ይሻላል። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2015 ከደረሰባት የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለአንድ ቤት የመደበችውን 300 ሺህ ሩፒ በ3 ዙር ነበር የከፈለችው። መጀመሪያ 50 ሺህ ትሰጣለች፤ መሠረቱ በደንቡ መሠራቱ ሲረጋገጥ 150 ሺህ፣ ቀሪውን በኋላ። የእኛም አስተዳደር እንዲህ ቢያደርግ መሐንዲሱ ሳያየው የሚሸፈን መሠረት አይኖርም።

ወንዙ አፋፍ ላይ ለሰፈሩት ግን ቢምም አያድናቸው፤ ምትክ ቦታ ይሰጣቸው። ቦታውም ሠርተው ከሚያድሩበት ከቀፊራ ገበያ አይራቅ፤ ከራቀ ተመልሰው ይመጣሉ፣ አይፈረድባቸውም።

ለጊዜው የምለምነው በየቀበሌው አንድ የግንባታ ባለሙያ ዝናቡ ሳይጀምር እንዲመደብልን ነው። የእናቴን ቤት መሠረት ዘንድሮ ላስጠግን ተነሥቻለሁ፤ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት መጥቶ የሚያይልኝ እፈልጋለሁ።

ከደቻቱ ዳር ነዋሪ፣ ድሬዳዋ