ላፊን ለዝገት አንተዋት

ውድ ወገኖቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

እንደሰማችሁት ያ ስንት የለፋንበት የእራት ዝግጅት በማዕበሉ ምክንያት ተሰርዟል። ለአዳራሹ የከፈልነው ቀብድም አልተመለሰም። ለአሮጌዋ የአሜሪካ ጦር መርከብ ለላፊ ጥገና ቃል ከገባነው ገንዘብ ግማሹ እንኳ አልሞላም። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል።

ግን እንዴት እንተዋት? ሚያዝያ 8 ቀን 1937 ዓ.ም. ኦኪናዋ አጠገብ የጃፓን አውሮፕላኖች 22 ጊዜ ወረዱባት። 80 ደቂቃ ሙሉ! ስድስቱ ከነአብራሪያቸው ተከሰከሱባት፤ አራት ቦምብም መታት። መሪዋ ተቆልፎ አንድ ቦታ ላይ ትሽከረከር ጀመር። 32 ሰው ሞተባት፣ 71 ቆሰለ። አንድ መኮንን "ጥለናት እንውጣ ወይ?" ሲል አዛዡ ጁሊያን ቤክተን፣ የሚተኩስ አንድ መድፍ እስካለ ድረስ አልለቃትም አለ። አልሰመጠችም።

"እኛን ምን አገባን?" የምትሉ አላችሁ። በ1944 ዓ.ም. የእኛ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮርያ ተራራ ላይ ሲዋደቁ፣ ላፊም እዚያው ኮርያ ባሕር ላይ ነበረች። ዛሬ ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና በሚገኘው የመርከብ ሙዚየም፣ ፓትርየትስ ፖይንት ቆማ ጎረቤታችን ናት።

አውሮፕላን ያላሰመጣትን ጨው ውኃ እየበላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከታች ተበስታ ውኃ ስታስገባ ተገኘች። ለጥገና ተጎትታ ሄዳ የተመለሰችው በ2012 ነው፤ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ተወስዶላት። ባለፈው ሰንበት ከኋላዋ በኩል ያለውን ብረት ዳሰስኩት። ቅርፊቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ተነስቶ መዳፌ ላይ ቀረ።

"የአምናው ገንዘብ የት ገባ?" ለሚለውም እንመልስ። አብዛኛው ለሙዚየሙ ገብቷል፣ ደረሰኙ አለ። የቀረው የሰንበት ተማሪዎችን መርከቧ ድረስ ለወሰደው አውቶቡስ ተከፈለ። ይህን ብክነት ነው ያላችሁን ወንድሞች አንስማማም። ልጆቹ ሦስት ድርብ የሆኑትን ጠባብ አልጋዎች ሲያዩ ዝም አሉ። አንዷ "እዚህ ተኝተው ነው የተዋጉት?" ብላ ጠየቀችኝ። ያ አውቶብስ ባይኖር ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቅ ነበር?

ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሐምሳ ሰው ግን ጌጡ። ለእግዚአብሔር ብላችሁ፣ 10 ዶላርም ብትሆን አትናቋት።

በስልክ ገንዘብ የምትልኩበት የዜል ቁጥር በቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ አለ። ማስታወሻው ላይ "ላፊ" ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ከዕድር መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። በጥሬው የምትሰጡ ከቅዳሴ በኋላ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። አደራ በድጋሚ፦ ዜል፣ ግሩፑ አናት ላይ፣ ማስታወሻው "ላፊ"። እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን።

ኮሚቴው