ግድግዳውን ጋቢ ለሚያለብስ ሰው የግድግዳ ግብር ይቀነስለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በየአመቱ ለቤታችን ስለምንከፍለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤ ነው ምፅፍላችሁ። ፅሁፉ ስለ ግምቱና ስለ ክፍያው በደንብ ያስረዳል፣ እኔ ግን ስለ ግድግዳው ራሱ፣ ብርድ እንዳያስገባ ከውጪ በፎም ስለማልበስ ማውራት ፈልጌ ነው። አምና የግብሩን ደረሰኝ ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ ምን ከፍለህ መጣህ አለችኝ፣ የጣሪያና የግድግዳ አልኳት፣ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አደረገችና "እስቲ ና ንካው፣ ለዚህ ነው ምትከፍለው?" አለችኝ። ነካሁት። ሌሊት ውጪ እንዳደረ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ጣቴ ላይ እርጥበት ቀረ፣ ከአልጋው ራስጌ በላይ ደግሞ ሻጋታው ቀለሙን አጥቁሮታል።

ምንኖረው በአዲስ አበባ ምስራቅ ጫፍ፣ ከአያት ሰፈር ወዲያ ከተማው አልቆ ማሳው ሚጀምርበት ጋ ነው። የማህበር ቤት ነው፣ በ2004 ዓ.ም ያለቀ፣ ባለ 20 ብሎኬት፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ኮርኒስ፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ። መሃል ከተማ ያለ ሰው የኛን ብርድ ላያውቀው ይችላል፣ እዚህ ከፊት ሚከልል ፎቅ የለም፣ ንፋሱ ቀጥ ብሎ ነው ሚመጣው፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን ፀሀዩ ያቃጥላል ሌሊት ደግሞ የቀኑ ሙቀት በሙሉ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ሚታይበት ቀን አለ። ከዛ በላይ ደግሞ በነዚህ ወራት ፀሀይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የሰሜኑ ግድግዳ ሙሉ ቀን ፀሀይ ሳያይ ነው ሚመሽበት፣ የእናቴም የልጆቹም መኝታ ቤት በሰሜን በኩል ነው ያለው። ፕላኑ ሲሰራ ይሄን ያሰበ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ደብረ ብርሃን ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ በደንብ ይበርዳል፣ እሷ ግን ሁሌ ምትለው እዛ ያደገችበት የጭቃ ቤት ውስጥ እንዲህ በርዷት እንደማያውቅ ነው። መጀመሪያ እድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ በኋላ ግን ነገሩን ስመረምረው እውነቷን ነው። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ጭድ አለ፣ ጭዱ ውስጥ አየር አለ፣ የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፣ ጋቢም ሚያሞቀን በድሩና በማጉ መሃል ባለው አየር ነው እንጂ ጥጡ ራሱ እሳት ኖሮት አይደለም። የኛ ብሎኬት ክፍት ቢሆንም ቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ሲሚንቶ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጪ ያሻግረዋል፣ ኮለኑና ቢሙማ (ቋሚውና አግዳሚው) ድፍን ኮንክሪት ስለሆነ ይብሳል፣ ሻጋታው ሁሌ ጥግ ጥጉ ላይ ሚጀምረው ለዛ ነው። እቃ ሚታሸግበት ነጩ ፎም ግን አብዛኛው አየር ነው። 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ፎም ሙቀት በመያዝ በኩል 2 ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ድፍን ኮንክሪት ጋር ይስተካከላል፣ ይሄን ሳውቅ ራሴ ማመን አቅቶኝ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ።

ግድግዳውን ፎም ከማልበሳችን በፊት ያደረግነው ሁሉም ሚያደርገውን ነው፣ ከሰል። ማታ ማታ ምድጃውን ግቢ ውስጥ አቀጣጥለን ከቀላ በኋላ እናስገባለን፣ በር እንዘጋለን። አንድ ሌሊት ትንሿ ልጄ ራሴን ራሴን ብላ ተነሳችና አስመለሳት፣ እናቴም መነሳት አቃታት፣ በሩን በርግጄ ምድጃውን እዛው ሌሊት አወጣሁት፣ ከዛ ወዲህ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እባካችሁ ይሄን በትልቁ ፃፉልኝ፣ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፣ በተለይ መስኮቱን ያጠበቀና ግድግዳውን ያለበሰ ሰው ከሰል ቤት ውስጥ በፍፁም ማስገባት የለበትም፣ ቤቱ በተደፈነ ቁጥር አደጋው ይብሳል።

ከከሰል ወደ ሂተር ዞርን። ባለ 2,000 ዋት ነው፣ ማታ ማታ ለ4 ሰዓት ያህል ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው፣ በወር 240። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለ4 አመት በየ3 ወሩ እየጨመረ ነው ሚሄደው፣ በዛ ላይ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል፣ ስለዚህ ሂተር ያለው ቤት ሚጎዳው በሁለት በኩል ነው። ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ሞልተህ ሳምንት ሳይቆይ ሲጮህብህ።

ባለፈው ህዳር ስራውን አሰራነው። ሰሜኑን ግድግዳ ሙሉውን፣ 8 ሜትር በ3 ሜትር፣ እስከ እናቴ ክፍል ጥግ ዞሮ። ግንበኛው የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ፎም ከውጪ ለጥፎ አያውቅም ነበር ግን እጁ ጥሩ ነው። የተቀረፈውን ቀለም ፋቀው፣ ፎሙን በሴራሚክ ማጣበቂያ እያጣበቀ እንደ ብሎኬት አደራደር መገጣጠሚያውን እያዛነፈ ለጠፈው፣ ከዛ በፊሸር አሰረው፣ ፊሸሩ ፎሙን ሰርጉዶ እንዳይገባ ሮንዴላ ያስፈልግ ነበር፣ ሰፋ ያለ አጥተን ከአሮጌ ጄሪካን ክብ ክብ አድርገን በመቀስ ቆረጥን፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስራቸው እሱ ነበር። ላዩ ሽቦ ወንፊት፣ ከዛ ልስን፣ ከዛ ቀለም። ከታች በኩል ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ነው የጀመርነው፣ የዝናብ ፍንጣሪ እንዳያገኘው፣ ጫፉንም አይጥ እንዳይገባበት በወንፊት ዘጋነው። የመስኮቱን ዙሪያ እንዳይረሳ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ብርዱ እዛ ጋ ክፍተት ካገኘ ሌላው ልፋት ግማሹ ከንቱ ነው። ለምን ከውስጥ አልሰራችሁትም ያለኝ ጎረቤት አለ፣ ከውስጥ ቢሆን ክፍሉ ይጠባል፣ ኮለንና ቢሙም እንደቀዘቀዙ ይቀራሉ፣ ከውጪ ሲሆን ግን ብሎኬቱ ራሱ በጋቢው ውስጥ ስለሚሆን ቀን የሞቀውን ሙቀት ለሌሊት ይይዛል። ቀን እየሞቀ ሌሊት ሚበርድ እንደኛ ላለ ሀገር ከዚህ ሚሻል ነገር አላውቅም።

ከስራው በፊት 2 ሳምንት ከስራው በኋላ 2 ሳምንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እየተነሳሁ የእናቴን ክፍል ሙቀት በልጄ ደብተር ጀርባ ፅፌያለሁ። ውጪው 6 እና 7 ዲግሪ በነበረባቸው ሌሊቶች ክፍሉ በፊት 12 ነበር፣ በኋላ 15። ሶስት ዲግሪ ለሰሚው ትንሽ ናት፣ ለ78 አመት ሴት ግን ትልቅ ነገር ናት፣ ግድግዳው ራሱ ስለማይቀዘቅዝ አልጋዋን መልሰን አስጠግተናል፣ ሻጋታውን አጥበን ካነሳነው ወዲህ አልተመለሰም። ሂተሩ አሁን ማታ ስትተኛ ለ1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው ሚበራው። በወር ከ240 ወደ 60 ወረደ፣ በ4ቱ የብርድ ወራት 720 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፈናል ማለት ነው። እናቴ ስራው ያለቀ ቀን ወጥታ አየችውና "ቤቱን ጋቢ አለበስከው" አለች።

አሁን ወደ ግብሩ ልምጣ። ስራው ካለቀ በኋላ አንድ ቢሮ ሄጄ እንዲህ አድርጌያለሁ የግድግዳ ግብሬ ላይ ሚታሰብልኝ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ያናገረኝ ሰራተኛ በትህትና ነው የመለሰልኝ፣ ቅናሽ ሚባል ነገር የለም፣ እንደውም ቤቱ ከተሻሻለ ግምቱ ከፍ ሊል ይችላል አለኝ። ከዛ ቢሮ ስወጣ በጣም ነው ያዘንኩት። የሰው እናት እንዳይበርዳት ያወጣሁት ወጪ እንዴት ነው እንደ ሀብት ሚቆጠረው?

እህቴ ጀርመን ነው ምትኖረው፣ እዛ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በነሱ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ሰው ራሱ ሚኖርበትን ከተሰራ ከ10 አመት በላይ የሆነውን ቤት ግድግዳውን ካለበሰ፣ ካወጣው ወጪ 20 በመቶው በ3 አመት ውስጥ ከገቢ ግብሩ ላይ ይነሳለታል፣ መጀመሪያ አመት 7፣ ሁለተኛው 7፣ ሶስተኛው 6 በመቶ፣ በአንድ ቤት እስከ 40,000 ዩሮ። 30,000 ዩሮ ያወጣ ሰው 2,100፣ 2,100 እና 1,800 ይቀነስለታል። ግን ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ስራውን ባለሙያ ድርጅት ሰርቶ ማረጋገጫ መስጠት አለበት፣ ደረሰኝ መኖር አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ነው፣ በእጅ የተከፈለ አይቆጠርም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። እኛ ሀገር ግንበኛ ያለ ደረሰኝ ነው ሚሰራው፣ ባለቤቱም ደረሰኝ ሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፣ ቫቱን 15 በመቶ ለመሸሽ እንደውም ያለ ደረሰኝ ይሁንልኝ ይላል። ቅናሽ ማገኘው በደረሰኝ ከሆነ ግን ደረሰኙን እኔው ነኝ ምጠይቀው፣ መንግስት ከኔ ላይ የተወውን ከሻጩና ከሰሪው መልሶ ይሰበስባል።

አሜሪካም ከ2023 እስከ 2025 መጨረሻ ለኢንሱሌሽን (ቤትን ሙቀት እንዲይዝ ለማልበስ) የእቃውን ወጪ 30 በመቶ በአመት እስከ 1,200 ዶላር ከግብር ይቀንሱ ነበር፣ የእጅ ዋጋው ግን አይታሰብም። ማስጠንቀቂያም አለ፣ ጣሊያን። ጣሊያኖች ይሄንን ስራ ካፖቶ ነው ሚሉት፣ ካፖርት መሆኑ ነው፣ የእናቴ ጋቢ ማለት ነው። በ2020 ላይ መንግስታቸው ከወጪው 110 በመቶ እመልሳለሁ አለ፣ ሰው ካወጣው በላይ ሚመለስለት ከሆነ ዋጋ ሚከራከር የለም፣ ዋጋው ናረ፣ ያልተሰራ ስራ እንደተሰራ ሚያስመዘግብ በዛ፣ ለመንግስት ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጣ፣ በኋላ መጠኑን መቀነስ ግድ ሆነባቸው። እኔ ምጠይቀው እንደዛ ያለ አይደለም።

የጣሪያና ግድግዳ ምንለው የከተማ ቤት ግብር በ1968 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 80 የመጣ ነው፣ አዲስ አበባ በ2015 ክፍያውን አሻሽላለች፣ በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ፀድቋል። ከተማው ዝርዝሩን ሲያወጣ አንድ ነገር ይጨመርበት፣ ግድግዳውን በደረሰኝ ያለበሰ ሰው ለጥቂት አመት የግድግዳ ግብሩ ላይ ከወጪው ትንሽ በመቶ ይታሰብለት፣ ቢያንስ ቢያንስ ደግሞ በዚህ ምክንያት የቤቱ ግምት አይጨምርበት። ቤት ለመስሪያ በሚሸጠው ፎምና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሚሰራው ፑሚስ ብሎኬት ላይ ያለው ቫትም ቢታይ ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲገባ ቫትና ኤክሳይዝ ሱርታክስም ተነስቶለት ነበር፣ መኪና መግዛት ለማይችለው ግድግዳው ላይ ቢታሰብለት ምን አለበት።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፣ ፎም እሳት ይወዳል። ለንደን ውስጥ በፈረንጆቹ 2017 ግሬንፌል ሚባለው ፎቅ ግድግዳው ላይ በለጠፉት ነገር እሳቱ ከታች እስከ ላይ ወጥቶ 72 ሰው አልቋል። እንደኛ ፎቅ በሌለው ቤት በወፍራም ልስን ከተሸፈነ ሌላ ነገር ነው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን በየፎቁ እሳት ሚያቆም ነገር ሳይገባ መለጠፍ አይገባም፣ ስለዚህ ቅናሹ ሚሰጠው ባለሙያ አይቶ ላፀደቀው ስራ ብቻ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ያሉት ደግሞ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ሚያመለክተው ማህበሩ መሆን አለበት፣ አንዱ አልብሶ አንዱ ቢተው ብርዱ በጎረቤት በኩል ይመጣል።

እኛ ሚቀረን የምስራቁ ግድግዳ ነው፣ ለጥምቀት ማግስት ከግንበኛው ጋር ተነጋግረናል። የእስካሁኑን የፎሙን፣ የማጣበቂያውንና የሽቦውን ደረሰኝ የሙቀቱ ደብተር ውስጥ አድርጌ አስቀምጫለሁ፣ ከሚመለከተው ክፍል ሰው መጥቶ ማየት ከፈለገ ቤታችን ክፍት ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፣ መጀመሪያ የምስራቁን ግድግዳ ይንካው፣ ከዛ የሰሜኑን።

ከአክብሮት ጋር
ከአያት ወዲያ የምኖር አንባቢያችሁ