ሙቀቱን ሳትለኪ «ያስመስላል» አትበይ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት በመጠኑ ተሽሎታል። ይህን የምጽፍልሽ እሑድ ከሐረር በስልክ ስናወራ ስለ አንድ የአእምሮ ሕመም ታካሚሽ የተናገርሽው ቃል እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። «አንገቴን ጠመዘዘኝ ይላል፤ ዓይኑን ወደ ላይ እየሰቀለ ያስመስላል» አልሽኝ። እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ልቆጣሽ አልፈለግሁም። አሁን ግን እነግርሻለሁ፦ አካሉን ሳትመረምሪ፣ ሙቀቱን ሳትለኪ፣ ስለ አንድም ታካሚ «ያስመስላል» አትበይ።

ያ ልጅ ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን ራስሽ ነግረሽኛል። ወጣት ወንድ፣ መድኃኒቱን በጀመረባቸው የመጀመሪያ ቀናት አንገቱ ሲጠመዘዝ፣ መንጋጋው ሲቆለፍ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር፣ ይህ መድኃኒቱ ያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ዲስቶኒያ ብለው አስተምረውሻል። ያማል፤ ከማመሙም በላይ ያስፈራል። ለሐኪሙ ፈጥነሽ ከነገርሽ በመርፌ የሚሰጠው ማርከሻ ብዙ ሳይቆይ ያላቅቀዋል፤ ዝም ካልሽው ግን ጉሮሮው ሊያዝ ይችላል፤ ባይያዝም ያን መድኃኒት ዳግመኛ አይውጥልሽም። «መቀመጥ አቃተኝ» እያለ ሌሊቱን ሙሉ በኮሪደሩ ሲመላለስ የሚያድረውንም እንዲሁ ተጠንቀቂለት። ሕመሙ የባሰበት መስሏቸው ያንኑ መድኃኒት ሲጨምሩለት አይቻለሁ፤ እረፍት የነሳው ግን መድኃኒቱ ራሱ ነበር።

ለምን በደረት ኪሴ ምንም እንደማልይዝ በልጅነትሽ ደጋግመሽ ትጠይቂኝ ነበር፤ እናትሽም «ተዪው» ትልሽ ነበር። ዛሬ ልንገርሽ።

በ1986 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ድንገተኛ ክፍል የማታ ተረኛ ነበርሁ። ወንድሞቹ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ እጁን በሽርጥ አስረው አመጡት። በአየር ላይ የሆነ ነገር እንደሚለቅም ሰው ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ፣ በክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው ይጣራ ነበር። «ጫት አሳብዶት ነው» አሉኝ፤ እኔም ልጁን ሳላይ እነርሱን አመንሁ። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን ማረጋጊያ ወጋሁትና ተኛ። በካርዱ ላይ «ተረጋግቷል» ብዬ ጻፍሁ። እናቱ እጄን ይዛ ሳመችው፤ «ሦስት ቀን ያልተኛው ልጄ ተኛልኝ፣ እድሜ ይስጥህ» አለችኝ። ግንባሩ ይፋጅ ነበር፤ ነገር ግን በድሬዳዋ ሚያዝያ የማን ግንባር አይፋጅም? ቴርሞሜትሩ ሌሊቱን ሙሉ በደረት ኪሴ ከብዕሬ ጎን ተሰክቶ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ማንቀጥቀጥ ሲጀምረው አውጥቼ ለካሁት፤ 40.6 ነበር። ወባው አንጎሉ ደርሶ ነበር። ረፋድ ላይ አረፈ። እናቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ማየት የነበረብኝን አንቺ እዪ። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የጀመረ መቃዠት፣ አንድ ጊዜ እየተሻለ አንድ ጊዜ እየባሰ፣ ሲመሽ የሚበረታ፣ ታካሚው ቀኑንና ያለበትን ቦታ የማያውቅበት፣ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየው የበዛበት ከሆነ፣ መጀመሪያ የአካል በሽታ ፈልጊ። ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ታካሚ ድምፅ ይሰማል፣ ይጠረጥራል፤ ዛሬ ማክሰኞ መሆኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ጣቱን ወግተሽ ስኳሩን ለኪ፤ የወባ ምርመራ እንዲታዘዝለት ጠይቂ፤ «ወቅቱ አይደለም» ቢሉሽም አትተዪ። በ2014 ዓ.ም. በእኛ ከተማ ወባ በደረቁ ወራት የተነሳው፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ ዝናብ ስለማትጠብቅ ነው፤ ሐረር ለሕክምና የሚመጣውም ብዙ ሰው ከቆላ የሚወጣ ነው። አረቄ ሲጠጣ ኖሮ ያቆመ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲቃዥ ብታዪ እርሱም ከእብደት አይቆጠርም፤ ያለ ሐኪም የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ያ አንገቱ የተጠመዘዘው ልጅ ደግሞ ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ላብ አጥምቆት፣ ሙቀቱ ከፍ ካለ፣ ሌላ የከፋ ነገር ነው። ቀጣዩን መድኃኒት አትስጪው፤ ሐኪሙን በዚያው ደቂቃ ጥሪ። ይህን ከዲስቶኒያው የሚለይልሽ አንዱ ቴርሞሜትሩ ነውና ሙቀቱን ሳትለኪ አትፍረጂበት።

ሊቲየም የተባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስዱትን ወደ እኛ ወደ ሙቀቱ ሲወርዱ ውሃ እንዲጠጡ፣ ከምግባቸው ጨው በድንገት እንዳይቀንሱ ምከሪያቸው። ተቅማጥ ይዞት እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚንገዳገድ የሊቲየም ታካሚ ካየሽ ሰክሯል ብለሽ አትለፊው፤ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊሆን ይችላል።

በተመላላሽ ክፍል የምታገኚያቸው አብዛኞቹ ግን ድባቴና ጭንቀት ያለባቸው ናቸው። እነርሱም «አዝኛለሁ» አይሉሽም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የሚሉሽ። እነርሱም አያስመስሉም፤ ሕመሙ በእውነት እዚያ ነው የሚሰማቸው። እስኪጨርሱ አዳምጫቸው፤ መኖር አስጠልቷቸው እንደሆነም በግልጽ ጠይቂ፤ መጠየቅሽ ያላሰቡትን አያሳስባቸውም። ፍሉኦክሴቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መሆኑን፣ መጀመሪያ የሚመጣው ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ሳትነግሪ አትስደጃቸው፤ አለበለዚያ በአምስተኛው ቀን ይተዉታል።

እናትሽ ጋቢና በርበሬ በሚኒባስ ልካልሻለች፤ መነኸሪያ ሄደሽ በጊዜ ተቀበይ። የሐረር ብርድ ለአንቺ አዲስ ነውና በማታ ተረኝነት ጋቢውን ከትከሻሽ አታውርጂ። እሑድ የምትመጪ ከሆነ በቀን ውጪ፤ በደንገጎ ቁልቁለት በጨለማ መምጣትሽን አልወድም፤ ከመሸብሽ እዚያው እደሪ።

ስለ እሑዱ ቃል በአንቺ አልተቀየምሁም። ይህ ሲደርስሽ ግን ከማንም አስቀድመሽ ወደዚያ ልጅ ሂጂ፤ ሙቀቱን ለኪ፣ አንገቱን በእጅሽ ዳሰሽ እዪ፣ ያገኘሽውንም ለሐኪሙ ተናግረሽ በካርዱ ላይ ከነሰዓቱ ጻፊ። ማታ ደውለሽ ስንት እንደነበር ንገሪኝ፤ እስክትደውዪ አልተኛም።

አባትሽ