ከምስክር ወረቀቱ በፊት ፋይሉ ይከፈት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ዲጂታል ሰነዶችን ለረጅም ዘመን ጠብቆ ስለማቆየት የሚሰጡ ስልጠናዎች መኖራቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አሰጣጣቸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ኦኤአይኤስ በሚባለው፣ ዲጂታል ሰነድ ወደ ቤተ መዛግብት ገብቶ፣ ተጠብቆ ለተጠቃሚ የሚደርስበትን መንገድ በሚያሳይ ሞዴል፣ ማለትም በአይኤስኦ 14721 ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። መስፈርቱ ለሙያው የጋራ መግባቢያ ስለሰጠ አልነቅፈውም። ነገር ግን የስልጠናው ጊዜ በሳጥንና በቀስት ሥዕል ካለቀ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መሳቢያው ውስጥ ያለውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሰልጣኞች ከመሥሪያ ቤታቸው የፋይሎቻቸውን ቅጂ ይዘው ይምጡ፤ ዋናውን ግን አይንኩት። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባዘጋጀው ድሮይድ በተባለ ነፃ ፕሮግራም የፋይሎቹን ፎርማት ይለዩ፤ ለእያንዳንዱም ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ፣ ያውጡ። ከዚያ አሰልጣኙ ከአንዱ ጽሑፍ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ ቼክሰሙን እንደገና ያስወጣቸው። ኤስኤችኤ-256 በተባለው የስሌት ዘዴ የወጣው ባለ 64 ምልክት ውጤት ፈጽሞ ሌላ ሆኖ ሲመጣ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ቼክሰም ለምን እንደሚያዝ ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ የማይል አሰልጣኝ የለም። ከቅጂው መልሶ ማውጣትንስ ማን ያለማምዳል? የብሪታንያን ሕዝብ ኑሮ በጽሑፍና በፎቶ የመዘገበው የቢቢሲ የዶምስዴይ ፕሮጀክት በ1986 እ.ኤ.አ. በሌዘር ዲስክ ወጥቶ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ይዘቱን ለማዳን ራሱን የቻለ የምርምር ሥራ አስፈልጎ ነበር፤ ዲስኩን የሚያነቡት ልዩ መሣሪያዎች እየጠፉ ነበርና። ስለዚህ ሰልጣኙ ፋይሉን ከመጠባበቂያው አውጥቶ፣ ቼክሰሙን አመሳክሮ፣ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ያሳይ። ይህን ሳያደርግ ምስክር ወረቀት ባይሰጠው እመርጣለሁ።

አቅማቸው አነስተኛ የሆነ ተቋማትም ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም። ኤንዲኤስኤ የተባለው፣ ዲጂታል ሰነድ ጠብቆ በማቆየት ላይ የሚሠሩ ተቋማት ኅብረት በ2013 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2019 ያሻሻለው መመሪያ ሥራውን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ የመጀመሪያው ደረጃ በቅጂ የሚጠይቀው ሁለት ሙሉ ቅጂ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥን ነው። ይህ ከስልጠናው በማግስቱ የሚጀመር ሥራ ነው።

ኃላፊዎችም ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቀመጡ። የማከማቻ በጀት በየዓመቱ እንደሚያስፈልግ ያልገባው ኃላፊ ባለበት፣ የሰለጠነው ሠራተኛ እጁ ታስሮ ይቀራል። አዘጋጆቹ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰልጣኞቹን መልሰው ይጠይቁ፤ ጥያቄውም «ስልጠናው እንዴት ነበር?» ሳይሆን «ከመጠባበቂያችሁ መጨረሻ ያወጣችሁት ፋይል የትኛው ነው? ተከፈተ?» ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ መዛግብት ባለሙያ